ሮምን ከልጆች ጋር በትንሽ ገንዘብ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሮም ከገባሁ 21 ዓመት ሞላኝ። በየዓመቱ ዘመድ ከነልጆቹ ይመጣል፤ አስጎብኚው እኔ ነኝ። ከቤተሰብ ጋር ጉዞ የምታስቡ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሁለት ነገር ያዙልኝ። ቪዛ ሳይመታ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ። መግቢያው ለልጅ ነጻ ቢሆንም በስሙ ትኬት ይያዝለታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆች ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ እንመጣለን። ልጆቹ 14፣ 9 እና 6 ዓመታቸው ነው። 10 ቀን አለን። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ፓሪስና ፕራግ አስበናል።

መልስ፦ እህቴ፣ አምስት ከተማ በ10 ቀን ሻንጣ ሲጎትቱ መክረም ነው። ከተማ በቀየራችሁ ቁጥር ግማሽ ቀንና የአምስት ሰው መጓጓዣ ይሄዳል። ገንዘቡን የሚበላው መንቀሳቀሱ ነው። ሮም ስድስት ሌሊት፣ ፍሎረንስ ሦስት ሌሊት ይበቃችኋል። ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የጣልያን ባቡር ድርጅት ትሬንኢታሊያ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከወላጅ ጋር ነጻ የሚሄዱበት ቅናሽ አለው። ቦታው ውስን ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ቬኒስን ለሌላ ጊዜ ተዉት። የከተማው የውሃ አውቶቡስ አንዱ ጉዞ ብቻ 9.50 ዩሮ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነን። የቪዛው ክፍያ ለልጅም ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት 45 ዩሮ ነው። ከ6 በታች ነጻ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። አንድ ነገር አስምሩበት። የአውሮፓ ህብረት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ መጠበቂያውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላልና አትዘግዩ። ቪዛ ሳይመታ ትኬት አትቁረጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ቪዛ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎ። የሚታየው ፓስፖርቱ ነው።

ጥያቄ፦ ርካሽ ሆቴል የት ነው?

መልስ፦ በየትኛው ወር? ስንት ሰው? በስንት ብር? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለውም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ። አምስት ሰው፣ ኖቬምበር ላይ።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ። ኖቬምበር ጥሩ መርጣችኋል፤ ዋጋው ይወርዳል። ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ፈልጉ። ሁለተኛው አማራጭ መነኮሳት የሚያስተዳድሯቸው ማረፊያዎች ናቸው። ንጹህና ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ግን ማታ በር የሚዘጋበት ሰዓት ስላላቸው ቀድማችሁ ጠይቁ። በሁለቱም የከተማ ግብር አለ፤ በሰውና በሌሊት ይቆጠራል። ከ10 ዓመት በታች አይከፍልም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ የኮሎሲየም ትኬት በ45 እና በ60 ዩሮ አየሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ መደበኛው 18 ዩሮ ነው። አጠገቡ ያሉትን የጥንት ፍርስራሾች፣ ፎረሙንና የፓላቲን ኮረብታንም ያስገባል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ ነጻ ነው። ያያችሁት የአሻሻጮች ዋጋ ነው። ከኮሎሲየሙ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ግዙ። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ትኬቱ በስም ስለሆነ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያመሳክሩታል።

እህቴ ከነልጆቿ የመጣች ጊዜ የራሷን ትኬት ከአንድ አሻሻጭ በእጥፍ ገዛች። ልጆቹ ነጻ ናቸው ብላ ለነሱ ምንም አልያዘችም። ስንደርስ የዚያ ሰዓት ቦታ አልቋል። ትንሹ የብረት አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፊቱን በብረቶቹ መሀል አስገብቶ «አንበሳው አሁንም እዚያ ውስጥ አለ?» ይለኛል። በማግስቱ በረራ ነበራቸው። ሳያይ ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው የምደጋግመው፦ የልጆቹን ነጻ ትኬት ከናንተው ጋር፣ በስማቸው ያዙ።

ጥያቄ፦ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሁሉም ነጻ ነው ይባላል። ያን ቀን ብንሄድስ?

መልስ፦ የመንግሥት ሙዚየሞች ነጻ ናቸው፤ ኮሎሲየምም ጭምር። ግን አስቡት። ልጆቹ ሁሌም ነጻ ናቸው። የምታተርፉት የሁለት አዋቂ 36 ዩሮ ነው። ለእሱ ብላችሁ ልጅ ይዛችሁ በዚያ ሰልፍ አትቁሙ። ያን እሁድ ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ አጠገብ ያለውን ፓላትሶ ማሲሞ ሙዚየም እዩ። የጥንቱ ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን ለአዋቂ ጥቂት ዩሮ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ በጠዋት ሂዱ። ትከሻ መሸፈን አለበት፤ ነጠላችሁን ያዙ።

ጥያቄ፦ ምግብስ? የምንመጣው በጾም ነው።

መልስ፦ ለጾመኛ ሮም ምቹ ናት። በሚዛን ከሚሸጥበት ቤት «ፒሳ ሮሳ» በሉ፤ ቲማቲም ብቻ ነው። ማሪናራ የሚባለው ፒሳም ፎርማጆ የለውም። አንዳንድ ጋጋሪ ሊጥ ውስጥ የአሳማ ስብ ይጨምራል። «ስትሩቶ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ስትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶው የአዲስ አበባው አይደለም፤ በሁለት ጉንጭ ያልቃል። ከቤት በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ያዙ። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን አትያዙ። ከአውሮፓ ህብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።

ሌላ አባል፦ ዓሣስ አለ አይደል? ቀላል ነው እኮ።

ሌላዋ አባል፦ በጾም የምን ዓሣ ነው? እኛ ቤት አይገባም።

ሌላ አባል፦ የሚበሉም አሉ፤ በአንድ ቃል አትዝጊው።

መልስ፦ ይሄንን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። ወደ ጉዞው።

ሌላዋ አባል፣ ከፓሪስ፦ ሁሉም ሮም ሮም ይላል። ሉቭር ሙዚየምም ከ18 በታች ነጻ ነው። ኖትርዳም ካቴድራል በዲሴምበር 2024 ተመልሶ ተከፍቷል፤ የመግቢያ ክፍያ የለውም።

ሌላ አባል፣ ከፍራንክፈርት፦ የፓሪስ ሆቴል ዋጋስ? በዚያ ገንዘብ ፕራግ ሳምንት ይታደራል።

ከፓሪስ፦ ወንድሜ፣ አንተ አውቶቡስ ላይ አድረህ ነው የምትሄደው። ከ6 ዓመት ልጅ ጋር ሞክረው።

መልስ፦ የፓሪስ ጥያቄ ያላችሁ እሷን ጠይቁ፤ ታውቃለች። እኔ የማላውቀው ከተማ ላይ ምክር አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ለልጆች ኮሎሲየም ትኬት ያስፈልጋል ወይስ ዝም ብለው ይገባሉ?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ አንብቡ። ነጻ ነው፤ ትኬት ግን ያስፈልጋል፤ በስማቸው።

ጥያቄ፦ መኪና ብንከራይስ?

መልስ፦ ለሮም? አትከራዩ። መሀል ከተማው ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ካሜራው ቀርጾ ቅጣቱን ቤታችሁ ድረስ ይልክላችኋል። የአውቶቡስና የሜትሮ ትኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ከ10 ዓመት በታች ከወላጅ ጋር ነጻ ነው። ከኤርፖርት ፈጣኑ ባቡር 14 ዩሮ ነው፤ ኤፍ ኤል 1 የሚባለው መደበኛ ባቡር 8 ዩሮ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጆቼ አሜሪካ ነው የተወለዱት። ሮም ላይ የኛን ታሪክ የሚያዩበት ቦታ አለ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የቆየሁት። አለ፤ አብዛኛው ደግሞ ሳንቲም አያስከፍልም።

ከቴርሚኒ ጀምሩ። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኰቸንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣልያን ጦር ናቸው። በየቀኑ ሺህ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ያልፍበታል፤ ስሙን የሚያውቅ ሐበሻ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ደቂቃ በእግር ሂዱና መታሰቢያ ሐውልታቸውን ታገኛላችሁ። ከላይ የቆመው የግብፅ ድንጋይ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ለገሐር ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ጊዜ ተዘርፎ እዚህ ሥር ነበር የቆመው። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በ1938 በጣልያኖች ላይ የተነሣው ይሄንን አይቶ ነው።

ከዚያ ሜትሮ ቢ ይዛችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ፊት ለፊታችሁ ትልቅ ነጭ ሕንጻ አለ። ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው፤ ሲጀመር ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ እዚያ ፊት ቆሞ ነበር። በ1947 የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ሊመልሱ ፈረሙ። የተመለሰው በ2005 ነው። አሁን በቦታው ሁለት የጥንት ዓምዶች አሉ። የአክሱሙን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙና እዚያው ቆማችሁ ለልጆቹ አሳዩአቸው። የእህቴ ትልቋ ልጅ ፎቶውን አየች፤ ባዶውን ሰማይ አየች፤ ከዚያ «ማን አስመለሰው?» ብላ ጠየቀች። እዚያው ሣር ላይ ተቀምጠን ረጅም ሰዓት አወራን።

ሦስተኛው ቫቲካን ነው። ከባሲሊካው ጀርባ፣ በአጥሩ ውስጥ፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰተት ተብሎ አይገባበትም፤ ታሪኩን ግን ንገሯቸው። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የኖሩበት ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 49 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት ሮም ነው። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስም ጀርመናዊውን ምሁር ሉዶልፍን በ1649 ያገኙት እዚሁ ነው። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው፣ ሉዶልፍ በ1698 ያወጣው፣ የዚያ ትውውቅ ፍሬ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ታሪኩ ሰለቸን ቢሉስ?

መልስ፦ በየመንገዱ «ናሶኔ» የሚባል የብረት ቧንቧ አለ፤ ወደ 2,500 ይሆናል። ውሃው ቀዝቃዛና የሚጠጣ ነው። የታችኛውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለች ቀዳዳ ሽቅብ ይፈነጥቃል። ጠርሙስ ይዛችሁ ውጡ፤ ቅያሪ ሸሚዝም አትርሱ።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ስንት ሰው? በየትኛው ወር? ከየት?

ጥያቄ፦ አራት ነን። ጃንዋሪ። ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ ቪዛው መጥቷል?

ጥያቄ፦ ገና ነው። ትኬቱ ግን ቅናሽ ስላለ ዛሬ ልቆርጥ ነበር።

መልስ፦ ዛሬ አትቁረጥ። ቪዛው ሲመታ እዚሁ ጻፍልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።