እንግዳ ሲቀበሉ፣ እንግዳ ሆነው ሲሄዱ፦ ስለ ወዳጅነት ጉብኝት የደረሱን ጥያቄዎች

የወዳጅነት ማኅበር የሚመሩ፣ የባህል ቡድን ይዘው የሚጓዙና ወጣቶችን ለልውውጥ የሚልኩ አንባብያን ከጻፉልን ውስጥ አምስቱን መርጠን መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበራችን ከወዳጅ አገር 12 እንግዶችን ለ6 ቀን ይቀበላል። መርሐ ግብሩ 23 ቦታ ያስጎበኛል። ገሚሶቹ አባላት በዛ ይላሉ፤ ገሚሶቹ እንግዳ ሥራ ከፈታ ቅር ይለዋል ባዮች ናቸው። ማን ልክ ነው? (የማኅበር ጸሐፊ)

በዛ የሚሉት ልክ ናቸው። 23 ቦታ በ6 ቀን ሲካፈል በቀን 4 ገደማ ነው፤ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 12 እንግዳ፣ አስተርጓሚና አስጎብኚ ከመኪና ወርዶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ጎደለ አልጎደለ ተቆጥሮ ተመልሶ እስኪሳፈር በየቦታው 20 ደቂቃ ይሄዳል። ጠዋት የባከነው ግማሽ ሰዓት እያደር እያበጠ ማታ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ዕዳውን የሚከፍሉት መጨረሻው ቦታ ላይ አበባ ይዘው የተሰለፉ ተማሪዎች ናቸው።

በቀን 3 ጉዳይ ይበቃል፦ አንድ ረፋዱ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ማታ። የማታውንም ቢሆን በየሁለት ቀኑ ይተዉት። የደረሱበት ቀን ባዶ ይሁን። ሰውነት ከአዲስ የሰዓት ክልል ጋር የሚላመደው በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተስተካከለ ስለሆነ፣ 7 የሰዓት ክልል አቋርጦ የመጣን ሰው በዚያው ምሽት ንግግር አድርግ ማለት ግፍ ነው።

ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። መርሐ ግብሩን ዘርግተው እያንዳንዱ መስመር ላይ «እንግዳው እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ያያል»፣ «ይሰማል»፣ «ይበላል» ብቻ ከሆነ የነደፉት ሽርሽር ነው። ከ3ቱ አንዱ እጅ የሚነካ ሥራ ይሁን፦ መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምር፣ የሁለቱ አገር ዘማሪዎች አንድ ዜማ አጥንተው በ5ኛው ቀን አብረው ያቅርቡት፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ከአቻዋ ጋር ግማሽ ቀን መደርደሪያ መሀል ትዋል። በዘመናት ጦርነት የተጎዱት ፈረንሳይና ጀርመን በጥር 1963 የኤሊዜን ውል ሲፈርሙ በሥነ ሥርዓት አላቆሙም። የአገር መሪዎቹ በዓመት ቢያንስ 2 ጊዜ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ቢያንስ በየ3 ወሩ እንዲገናኙ ቀጠሮ ቆረጡ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወጣቶችን የሚያለዋውጥ የጋራ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ውሉን ዕድሜ የሰጠው ይህ መደበኛ ሥራ ነው።

ሥራውን ከ6 ወር በፊት ይጀምሩ። የግብዣው ደብዳቤ ቪዛ ሰጪው የሚፈልገውን ሁሉ ይያዝ፦ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ የተጻፈ ሙሉ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ ማረፊያ፣ የትኛውን ወጪ ማን እንደሚችል። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃሉ፤ ይህን ሳያዩ ትኬት የሚቆርጡ ብዙ ናቸው። በወጪ በኩል የተለመደው ላኪው የአየር ትኬቱንና የጤና ኢንሹራንሱን፣ ተቀባዩ ማረፊያውን፣ ምግቡንና የከተማ መጓጓዣውን መሸፈን ነው። ሌላም አከፋፈል ይቻላል፤ ያልተጻፈ ከሆነ ግን ሆቴሉ በር ላይ ጠብ ያስነሣል። ቀን ስትጽፉም ወሩን በፊደል ጻፉ። 03/04 ለአንዱ ኤፕሪል 3 ነው፤ ለሌላው ማርች 4።

18 ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ይዘን ለ2 ሳምንት ልንጓዝ ነው። መሣሪያውና አልባሳቱ ጉምሩክ እንዳይያዝብን ምን እናድርግ? ስጦታውስ? (የባህል ቡድን መሪ)

መጀመሪያ ዕቃውን ሁለት ቦታ ይክፈሉት፦ ተመልሶ የሚመጣና እዚያው የሚቀር። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ላይ ሲያስገባ ነው።

ተመላሹ በጊዜያዊ ማስገቢያ ሥርዓት ያልፋል። ሁለቱም አገሮች የኤቲኤ ካርኔ (ዕቃን ያለ ቀረጥ ለጊዜው የሚያስገባ ዓለም አቀፍ የጉምሩክ ሰነድ) ሥርዓት አባል ከሆኑ ሰነዱን በላኪው አገር ይህን እንዲሰጥ የተፈቀደለት የንግድ ምክር ቤት ያወጣል፤ ቢበዛ ለ1 ዓመት ያገለግላል፤ ቀረጥ አስይዞ መግባትን ያስቀራል። ዕቃው አንድ በአንድ ይዘረዘራል፦ ዓይነት፣ ብዛት፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ የተሠራበት አገር፣ ካለው የመለያ ቁጥር። ሰነዱ ከወጣ በኋላ ዕቃ መጨመር አይቻልም። ቢጫው ወረቀት ከአገር ሲወጡና ሲመለሱ፣ ነጩ ወደ ሌላው አገር ሲገቡና ሲወጡ፣ ሰማያዊው በመተላለፊያ አገር ያገለግላል። ጥፋቱ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ በመመለሻ ላይ ነው። ቡድኑ ደክሞታል፣ አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው፣ ነጩን ወረቀት ማኅተም ሳያስመቱ ይሳፈራሉ። ያኔ ዕቃው በሕግ ዓይን እዚያው እንደቀረ ይቆጠርና ከወራት በኋላ የቀረጥ ጥያቄ ይመጣል። ለዚህ ብቻ አንድ ሰው ይመደብ፤ አውሮፕላን ማረፊያም ከሌሎቹ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይድረስ። ከሁለቱ አገሮች አንዱ አባል ካልሆነ የተቀባዩ አገር ጉምሩክ በሚፈቅደው መንገድ፣ ብዙ ጊዜ በጋባዡ ተቋም የዋስትና ደብዳቤ ወይም በመያዣ ገንዘብ፣ ይስተናገዳል። ይህን ማጣራት የጋባዡ ሥራ ነው።

ቀጥሎ መሣሪያዎቹ የተሠሩበትን ይመርምሩ። የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊት፣ የዘንዶ ቆዳ፣ አንዳንድ ብርቅዬ እንጨት፣ በአልባሳቱ ላይ ደግሞ የዱር አእዋፍ ላባ ካለ ጉዳዩ ከቀረጥ ያልፋል። በ1973 የተፈረመውና «ሳይቲስ» የሚባለው የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ይመለከተዋል፤ ፈቃድ ሳይኖር ከተገኘ ሊወረስ ይችላል። ደጋግመው ለሚጓዙ እስከ 3 ዓመት የሚያገለግል የሙዚቃ መሣሪያ ሰርተፊኬት አለ። የቆየ ዕቃ የያዘ ሰው ደግሞ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከአገሩ የቅርስ ባለሥልጣን ይያዝ፤ አለዚያ በገዛ አገሩ በር ላይ ይቆማል።

ሣጥኑም ራሱ ሕግ አለው። ጥሬ እንጨት ከሆነ እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየቱን ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ መታከሙን የሚያሳይ ዓለም አቀፍ ምልክት ሊኖረው ይገባል። የኮምፔንሳቶ ሣጥን ከዚህ ነፃ ስለሆነ እሱን ይምረጡ።

ስጦታው በካርኔ አይገባም፤ ለብቻው ይታወጃል። ትንሽ፣ የማይሰበር፣ የማይበላሽ ይሁን፤ ተቀባዩ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የዋጋ ጣሪያ ሊኖር ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ችግኝና ዘር የሚያስቡ ከሆነ የቶኪዮን ነገር ያስታውሱ። በ1910 መጀመሪያ ከጃፓን ለዋሽንግተን የተላኩት 2,000 የቼሪ ዛፎች ነፍሳትና የሥር ትል ስለተገኘባቸው ሁሉም ተቃጠሉ። የወዳጅነት ስጦታ በእሳት ሲበላ ማየት ለሁለቱም ወገን አሳፋሪ ነበር። ጃፓናውያኑ ተቀይመው አልተቀመጡም፤ በ1912 ሌላ 3,020 ጤናማ ዛፍ ላኩ፤ ዛሬ ዋሽንግተን በየጸደዩ የምታከብረው የእነዚያን አበባ ነው። ከመጫኑ በፊት የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ማውጣት፣ ከዚያም በፊት ተቀባዩ አገር ያንን ዝርያ ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ቀላሉ መንገድ ችግኙን እዚያው አገር ገዝቶ አብሮ መትከል ነው።

ባንዲራና መዝሙር ላይ እንዳንሳሳት የሚረዳ አጭር ምክር? (የዝግጅት አስተባባሪ)

ሁለቱ ባንዲራዎች ቁመታቸው እኩል፣ ምሰሷቸውም እኩል ይሁን። የሁሉም አገር ባንዲራ የጎንና የቁመት ምጣኔ አንድ አይደለም (የስዊዘርላንድ ካሬ ነው፣ የኳታር 11 በ28)፤ ስለዚህ የባንዲራውን ፋይል ከኢንተርኔት ሳይሆን ከኤምባሲው ይውሰዱ። የፖላንድ ባንዲራ ተገልብጦ ከተሰቀለ በቀለሙ የኢንዶኔዥያ ይሆናል። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ፣ ግላስጎው ላይ፣ የሰሜን ኮሪያ ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች በስክሪን ላይ ከስማቸው ጎን የደቡብ ኮሪያ ባንዲራ ሲታይ ሜዳውን ለቀው ጨዋታው አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ። በዚያው ዓመት ኩዌት ውስጥ በተካሄደ የተኩስ ውድድር ለካዛክስታን አሸናፊ የተከፈተው ከቀልድ ፊልም የተወሰደ የመዝሙሯ ማሾፊያ ነበር። ከዝግጅቱ አንድ ቀን በፊት የእንግዳው ቡድን ሰው ባንዲራውን በዓይኑ አይቶ፣ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይሁንታውን ይስጥ። 10 ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ አስተርጓሚ ይበቃናል? (የልዑካን ቡድን አባል)

እንደ ሥራው ነው። ተናጋሪው ሲያቆም የሚተረጉም አስተርጓሚ ጊዜውን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ የ15 ደቂቃ ንግግር 30 ደቂቃ ነው። ለእራትና ለጉብኝት ይህ ይበቃል። በማዳመጫ የሚካሄድ ስብሰባ ካለ ግን በአንድ ቋንቋ ጥንድ 2 አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ በየ20 እና 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ ከዚያ ካለፈ ስሕተቱ ይበዛል፣ ባለሙያውም ራሱ አይታወቀውም። ውል የሚደራደሩ ከሆነ የራሳችሁን አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተጋባዡን ቋንቋ የሚያውቅ የጋባዡ ሠራተኛ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ገለልተኛ ግን አይደለም።

የንግግሩን ጽሑፍ፣ የሰዎቹን ስምና ማዕረግ፣ ቁጥሮቹን ከ3 ቀን በፊት ይስጡት። ከ2 ወይም 3 ዓረፍተ ነገር በኋላ ያቁሙ። የሚያነጋግሩትን እንግዳ እንጂ አስተርጓሚውን አይዩ፤ «እንዲህ በልልኝ» ማለትም ይቅር፣ በቀጥታ «እናመሰግናለን» ይበሉ። ቅኔና ቀልድ ያሰቡ ከሆነ ትርጉሙን አስቀድሞ ያዘጋጅልዎ፤ ያልተዘጋጀ ሰምና ወርቅ በትርጉም ጊዜ ሰሙ ብቻ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ስድብ ሆኖ።

የእህትማማች ከተሞች ስምምነት ልንፈርም ነው። ከዚህ በፊት የፈረምናቸው ሁለቱ ከፎቶ አላለፉም። የትኛው አንቀጽ ነው የሚጎድለን? (በከተማ አስተዳደር የውጭ ግንኙነት ሠራተኛ)

ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የሥራ ዕቅድ አባሪ ነው። ሰነዱ ራሱ ከ2 ገጽ አይለፍ፤ በአባሪው ግን በዓመት አንድ የሚቆጠር ተግባር ይጻፍ፦ ለምሳሌ «4 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለ10 ቀን»፣ «የ2 ትምህርት ቤቶች የሥዕል ዐውደ ርዕይ»። ከእያንዳንዱ ተግባር ጎን ወር፣ ኃላፊ ክፍልና የገንዘብ ምንጭ ይስፈር። «በባህል፣ በትምህርት፣ በጤና፣ በስፖርት፣ በቱሪዝምና በኢንቨስትመንት እንተባበራለን» የሚለው መስመር ያምራል፣ ማንንም ግን ከወንበሩ አያስነሣም። ከስድስቱ ሁለቱን መርጣችሁ አራቱን ተዉ።

ሁለተኛው ጉድለት ስምምነቱ በአንድ ከንቲባ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ምርጫ ይመጣል፣ ሹም ይቀየራል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ተጠሪው በግለሰብ ስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይጠቀስ፤ ከአስተዳደሩ ውጭ ያለ አካል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ማኅበር፣ በፈራሚነት ይግባ። የጊዜ ገደቡም 3 ዓመት ይሁንና በዝምታ የሚታደስ አይሁን። ለማደስ መነጋገር ግድ ሲሆን ያኔ ሥራው ይገመገማል።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። አገሮች ስለሚዋዋሉት ውል በወጣው የ1969 የቬና ውል መሠረት በሁለት ቋንቋ ጸድቆ የተፈረመ ውል አንዱ ይበልጣል ካልተባለ በስተቀር ሁለቱም እኩል ናቸው። የከተማ መግባቢያ ሰነድ የአገር ውል ባይሆንም ልማዱ ይጠቅማል። በ1881 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይችላል» ሲል በጣልያንኛው «ግዴታ አለበት» ማለቱ ምን እንዳስከተለ ለአማርኛ አንባቢ መተረክ አያስፈልግም። ከመፈረሙ በፊት ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን የሚያነብ፣ በረቂቁ ያልተሳተፈ ሦስተኛ ሰው ይፈልጉ።

አራተኛው፣ የመልሱ ጉብኝት። አንድ እጅ አያጨበጭብም። በሚያዝያ 1971 የአሜሪካ የጠረጴዛ ቴኒስ ቡድን ከናጎያው የዓለም ሻምፒዮና ወደ ቻይና ሲሄድ ዓለም ተገረመ፤ በየካቲት 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ገቡ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በዚያው ዓመት ሚያዝያ የቻይና ተጫዋቾች ወደ አሜሪካ ሄደው ግብዣውን መመለሳቸው ነው። እናንተም እንግዶቹ ከመሳፈራቸው በፊት፣ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ፣ የመልሱን ወር ቁረጡ። የሚሄዱት ሰዎች ስም ገና ባይታወቅም ወሩ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርና ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት።