«ባለቤቴ ቪፒኤን አልከፍትም አለኝ»

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ለዶክትሬት ትምህርት ቻይና ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። እኔ ደብረ ብርሃን ከልጃችንና ከእናቱ ጋር እኖራለሁ። በቴሌግራም ነበር የምንገናኘው። በቅርቡ ስልኩ ተበላሽቶ እዚያው አዲስ ገዛ። ከዚያ ወዲህ በቻይናዎቹ መተግበሪያ በዊቻት ካልሆነ አይሆንም አለኝ። ዊቻት ደግሞ መቼ ኦንላይን እንደነበር አያሳይም። የላክሁለትን ይየው አይየው አላውቅም። የታገደውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን ክፈት ስለው “አስቸጋሪ ነው፣ አይፈቀድምም” ይለኛል። የጎረቤታችን ወንድም ግን ለንግድ ጓንግዡ ሄዶ በቴሌግራም እንደ ልቡ ይደውል ነበር። ማታ ልጁን አስተኝቼ ስደውል አያነሳም። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? እኛ ጋ ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እንኳ በመደበኛ ስልክ እየደወለ ጥሩ እናወራ ነበር። አሁን ሁሉ ነገር እያለ ተራራቅን። ምን ላድርግ?»
ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ጥርጣሬሽ የቆመው ስልኩ ላይ ስለሆነ እሱን ላስቀድም።

ባለቤትሽ የነገረሽ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ቻይና ውስጥ ፌስቡክና ዩቲዩብ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ነው። ቴሌግራም በ2015፣ ዋትሳፕ በ2017 ተከትለዋል። እዚያ ለገበያ የሚቀርቡ አንድሮይድ ስልኮች ጎግል ፕሌይ የላቸውም። አፕልም ቻይና ካለው መደብሩ ቪፒኤኖችን በ2017፣ ዋትሳፕንና ቴሌግራምን በ2024 አውጥቷል። ስለዚህ አዲስ ስልክ ገዝቶ ቴሌግራም ማጣት እዚያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው። መንግሥት ያልፈቀደው ቪፒኤንም ክልክል ነው። ብዙ የውጭ ተማሪዎች ይጠቀሙበታል። ግን ትምህርቱን እንዳያጣ የሚፈራ ሰው «ይቅርብኝ» ቢል አይፈረድበትም።

የጎረቤታችሁ ወንድም ደግሞ የአገር ቤት ሲሙን በሮሚንግ ሲጠቀም ቆይቶ ይሆናል። ሮሚንግ ላይ ያለ ስልክ የኢንተርኔት መስመሩ በመጣበት አገር ኔትወርክ በኩል ስለሚያልፍ የቻይና እገዳ አይነካውም። ለጥቂት ቀን ነጋዴ ያዋጣል፤ ዓመታት ለሚቀመጥ ተማሪ ግን አይቻልም። ዊቻትም መልእክት መታየቱን ለማንም አያሳይም። ባለቤትሽ ሆን ብሎ የደበቀሽ ነገር አይደለም።

ሰዓቱንም አስቢው። እነሱ ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማሉ። አንቺ ልጅሽን አስተኝተሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ስትደውዪ እሱ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ሌላ ሴት መኖሯን የሚያሳይ አንድም ነገር አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። በአንድ መስመር ጠቅሰሽው ያለፍሽው ጊዜ አለ። «ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ» አልሽ። ያ ጊዜ እኮ የኢንተርኔት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ሰሜን ሸዋ ላይ መንገድ ይዘጋ ነበር፣ ተኩስ ይሰማ ነበር። አንቺ ደግሞ ባልሽ በሌለበት፣ አንድ ሕፃንና አንዲት አረጋዊት ይዘሽ ነበርሽ። ስለ ባለቤትሽ ስልክ ይህን ያህል ጽፈሽ፣ እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፍሽ አንድ ቃል አልጻፍሽም።

ለእሱስ ነግረሽው ታውቂያለሽ?

እንዳልነገርሽው እገምታለሁ። የእኛን ሰው የስልክ ወግ አውቀዋለሁ። ግማሹ ሰላምታ ነው። «እንዴት ናችሁ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።» «ልጁስ?» «ደህና ነው፣ አንተ ብቻ ትምህርትህን ተማር።» ከዚያ ሂሳብ እንዳይቆጥር ተብሎ ይዘጋል። ደግሞም አማትሽ አጠገብሽ ናቸው። እሳቸው እየሰሙ «ፈራሁ» ማለት ይከብዳል፤ የልጃቸውን ሐሳብ ማብዛት ይመስልብሻል። ስለዚህ ፍርሃቱን ዋጥሽው። ያደረግሽው በፍቅር ነው፣ ትልቅ ሸክምም ነው የተሸከምሽው።

ግን እዚህ ላይ ከባለቤትሽ ጎን እቆማለሁ፤ አትቀየሚኝ። ደህና ነን አልሽው፣ እሱም አመነሽ። ያመነው ነገር ላይ ተደላድሎ ትምህርቱን ቀጠለ። አሁን ታዲያ ያላወቀውን ነገር እንዲክስሽ እየጠበቅሽ ነው። «ለምን ኦንላይን አልሆንክም?» የሚለው ጥያቄሽ ውስጥ እኔ የምሰማው «ያኔ ለምን አጠገቤ አልነበርክም?» የሚለውን ነው። እሱ ደግሞ የሚሰማው «ቪፒኤን ክፈት» የሚለውን ብቻ ነው። ለቪፒኤን ጥያቄ የቪፒኤን መልስ ይሰጣል። አንቺንም መልሱ አያረካሽም፣ ስለዚህ ትደግሚዋለሽ። እሱም መጠርጠሩ ሲሰማው ወሬ ያሳጥራል። ነገ ቴሌግራም ቢከፈትለትና ኦንላይን የገባበትን ደቂቃ ሁሉ ብታዪ፣ ይህ ቅሬታ የሚለቅሽ አይመስለኝም።

በመደበኛ ስልክ ያወራችሁት ለምን ጥሩ እንደነበረ አስቢ። ሲደውል በውድ ሂሳብ፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠበት፣ ፈልጎሽ ነበር። ስልኩ መጮሁ ራሱ ለጥያቄሽ መልስ ነበር፤ ስለዚህ ባትነግሪውም ያኔ ችለሽዋል። አሁን መደወል ቀላል ሆነና ያ መልስ ቀረ። ያልተነገረው ነገር ግን ውስጥሽ አለ።

ምን ታድርጊ? እኔ ብሆን ቪፒኤኑን ለጊዜው እተወዋለሁ። በዊቻት ይሁን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ 4 ሰዓት ላይ ብትደውዪ እሱ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ነቅቶ ነው የሚያገኝሽ። ልጁን ለአያቱ ትተሽ ከቤት ወጣ በዪ። ከዚያ ከእነዚያ ሌሊቶች አንዱን ብቻ ንገሪው። «የት ነበርክ?» ሳትዪ፣ የሆነውን እንደሆነ። መጀመሪያ ዝም ሊል ይችላል። ዓመታት የተደበቀ ነገር በድንገት ሲሰማ ሰው የሚለው ይጠፋዋል፤ ያን ዝምታ እንደ ግዴለሽነት አትቁጠሪው። ሁለት ሦስት እሑድ ታገሺው።

እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ፣ በር ሲንኳኳ የምትደነግጪ ከሆነ ግን በጽሑፍ ምክር አትወሰኚ። እዚያው ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማግኘት እንደምትችዪ ጠይቂ፤ ፊት ለፊት ማውራት የተለየ ነገር አለው። ነግረሽው፣ ታግሠሽው፣ እሱ ግን መስማት ካልፈለገ ደግሞ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ለእረፍት ሲመጣ ሁለታችሁም አንድ ላይ አማካሪ ዘንድ ብትቀርቡ ይሻላል።