ለነርስነት ሥልጠና ወደ ጀርመን ከመሄድ በፊት

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የሱቅ ሥራዬን ትቼ በጀርመን አገር የነርስነት ሥልጠና ለመጀመር አስቤአለሁ። ከመነሣቴ በፊት እንዴት ልዘጋጅ?

መልስ፦ አስቀድመው ቋንቋውን ይማሩ፤ ሥራዎን ግን ገና አይልቀቁ። የ3 ዓመቱ ሥልጠና ቢያንስ 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,500 ሰዓት ደግሞ በሆስፒታልና በአረጋውያን መንከባከቢያ በተግባር የሚሰጥ በመሆኑ፣ ሕመምተኛው የሚናገረውን በትክክል የማይረዳ ሠልጣኝ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ይቸገራል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቢ2 (B2) የተባለውን፣ ያለ ብዙ ችግር መነጋገር የሚያስችለውን የጀርመንኛ ችሎታ ደረጃ ይጠይቃሉ፤ እኔም ከዚያ በታች ሆነው እንዲነሡ አልመክርም። አዲስ አበባ ከሆኑ የጀርመን የቋንቋና የባህል ማዕከል የሆነው የጎተ ተቋም ቋንቋውን ያስተምራል፣ ይፈትናልም። ሠልጣኞች ወርኃዊ ደመወዝ የሚከፈላቸው ስለሆነ፣ ቦታ አስገኛለሁ ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላን አይመኑ። እስከዚያው በአቅራቢያዎ አረጋውያንን በበጎ ፈቃድ ቢረዱ፣ ሥራው ይስማማዎት እንደሆነ ቀድመው ያውቃሉ።