የጋፋት መንደር፦ ጥያቄና መልስ

የቡድናችን አባላት፣ ዛሬ ከደብረ ታቦር አጠገብ ስላለችው ስለ ትንሿ ጋፋት ጠይቁኝ። አንድ ልመና ግን አለኝ፤ ቦታውን ስትጎበኙ ድንጋይ አታንሱ፣ አፈር አትጫሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአጼ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል እውነት እዚያ ነው የተሠራው?

መልስ፦ እዚያው ነው። የሚገርመኝ መድፉ ሳይሆን ሠሪዎቹ ናቸው። ዋልድማየርና ዛልሙለር ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ፈረንጆች ነበሩ፤ መድፍ መሥራት ሙያቸው አልነበረም። አጼ ቴዎድሮስ ግን «አንችልም» የሚል መልስ አይወዱም። ሞከሩ፣ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ። ነሐስ በማቅለጡ በኩል ስሙ የሚነሳው ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ነው። አብረዋቸው ያናፉና የቀጠቀጡ ያገር ሰዎችስ? የነሱን ስም ማን ጻፈው? እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ጋፋት ትንሽ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ስለ ምኑ? ለይተህ ጠይቅ።

አንድ አባል፦ ስሙ ጎጃም ከነበሩት ከጋፋት ሕዝብ ነው የመጣው።

ሌላ አባል፦ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ? ማስረጃ አምጣ!

አንደኛው፦ አንተስ አለመሆኑን በምን አወቅህ?

መልስ፦ በቃ! የጋፋትን ሕዝብና ቋንቋውን ለቋንቋ ሰዎች ተዉላቸው። የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲፈልግ ያገኘው አራት ተናጋሪ ብቻ ነው። ወደ መንደሯ እንመለስ።

ጥያቄ፦ መድፉ መቅደላ እንዴት ደረሰ ታዲያ?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ በሠረገላ ላይ ጭነው በጠፍር እየጎተቱ ሄዱ። መንገድ አልነበረም፤ ከፊት ከፊት እየጠረጉ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው የጂዳንና የበሽሎን ወንዞች ገደል ወርደው ወጥተው መጋቢት ላይ መቅደላ ገቡ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ አረፉ። መድፉ ዛሬም እዚያው ተራራው ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው አምሳያው ነው፤ ስንቴ ልበል?

ጥያቄ፦ ክብደቱ ስንት ነበር?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ የፈረንጆቹ ዘሮችስ?

መልስ፦ የሆል ልጅ ማግዳሌና የተወለደችው መቅደላ ነው። ታዋቂው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጇ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አምና ከጋፋት የተቃጠለ ብረት የሚመስል ድንጋይ ይዤ መጥቼ ነበር። ፎቶ ልላክልዎ?

መልስ፦ ፎቶውን ተወው ልጄ። ድንጋዩን ካነሳህበት መልስ።