መጀመሪያ ስማቸውን አጣሩ

ልጆቼ፣

ኮሪያ ዘምተው እዚያው ለወደቁት የቃኘው ሻለቃ መኮንኖች ባሕር ዳር ላይ የመታሰቢያ ቀን ልታዘጋጁ መሆኑን ሰማሁ። ጎበዞች። ከጎጃምና ከበጌምድር የሄዱትን ለይታችሁ ጣና ዳር ሻማ ልታበሩ፣ ፎቷቸውን በባነር ልታሰቅሉ፣ ቤተሰቦቻቸውንም ልትጋብዙ አስባችኋል። «ጋሼ፣ ምክር ካለዎት» ብላችሁኛል። ስለ ድንኳንና ስለ ሞንታርቦ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሞልቷል። እኔ የማውቀው መዝገብ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ስም፣ የሰው ማዕረግና የሰው ቀን ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። የምነግራችሁም ስለዚያው ነው።

ታሪኩን አላረዝምባችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ጦርነቱ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ተጀመረ። ኢትዮጵያ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር ላከች። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ወሩ ሳያልቅ ፑሳን ገባ። ስሙ የተወሰደው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። አንዱ ሻለቃ ሲመለስ ሌላው እየተተካ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 የተኩስ አቁም ስምምነቱ እስኪፈረም ድረስ ቆየ። ምርኮኛ ሲለዋወጡ ከኢትዮጵያውያን አንድም አልተገኘም። ይህችን በየስብሰባው ስንሰማት ኖረናል፤ ብንሰማትም አትጠገብም።

የሞቱት ስንት ናቸው ስትሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ጽሑፍ 121 ይላል፣ ሌላው 122። አብዛኛው አንባቢ «አንድ ሰው ምን አላት» ብሎ ያልፋታል። እኔን ግን እንቅልፍ የምትነሳኝ እሷ ነች። አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይሆን? ወይስ ቆስሎ ሆስፒታል የቆየ፣ በኋላ ያረፈ፣ አንዱ ጸሐፊ ከቁስለኛ ሌላው ከሟች የደመረው ሰው ነው? ያ ሰው እናት ነበረችው። እናቱ ዘንድ ሂሳቡ ተሳስቶ አያውቅም። ባነሩ ላይ ቁጥር ባትጽፉ እመርጣለሁ። ስም ጻፉ። ያጣራችሁት ስም ሦስት ብቻ ከሆነ ሦስቱን ጻፉ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። የተሳሳተ ስምም አብሮ ይውላል፣ ችግሩ እሱ ነው።

የሚሳሳተው እንዲህ ነው። ብዙው ሰነድ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነው። ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ከ40 ሺህ በላይ የሟች ስም ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ የእኛዎቹም እዚያ አሉ፣ በላቲን ፊደል። አጽማቸው ወደ አገር ተመልሷል፣ ስማቸው ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ቀርቷል። አሁን እናንተ ስልካችሁ ላይ አግኝታችሁ ወደ አማርኛ ስትመልሱት፣ ተፈራ ነው ወይስ ታፈረ? አሰፋ ነው ወይስ አስፋው? የፈረንጅ ጸሐፊ በጆሮው የሰማውን ነው የጻፈው። ሁለት ሰው በአንድ አጻጻፍ ይገባል፣ አንድ ሰው በሦስት። ደግሞ ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ፊት ያስቀምጠዋል። እናንተ ሳታውቁ አባቱን ልጅ፣ ልጁን አባት አድርጋችሁ ታትሙታላችሁ። ከዚያ የልጅ ልጁ መጥቶ ባነሩ ሥር ቆሞ አያቱን ይፈልጋል። ያጣዋል።

ቀኑም ወጥመድ አለው። ሰው ሁሉ ከፈረንጁ ዓመት ስምንት ቀንሶ ይገላገላል። ከእንቁጣጣሽ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ግን የሚቀነሰው ሰባት ነው። በኦክቶበር 1952 አጋማሽ የወደቀ መኮንን የሞተው ጥቅምት 1945 ነው። ስምንት ከቀነሳችሁ አንድ ዓመት አስቀድማችሁ ገደላችሁት ማለት ነው። ጳጉሜንም አትርሷት። በ1943 ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1951 ለእኛ ጳጉሜ 6 ናት፤ እንቁጣጣሽ በማግሥቱ ዋለ። በዚያች ቀን ያረፈ ካለ ሙት ዓመቱ በቀኑ የሚውለው በአራት ዓመት አንዴ ነው። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ላይ ያለ ቀን መቀየሪያ ያወጣላችኋል፤ ቤተሰቡ ግን መቼ ሲያስበው እንደኖረ አይነግራችሁም። አንዳንድ ቤት የሚታሰበው የሞተበት ቀን ሳይሆን መርዶው የገባበት ነው። ከኮሪያ እስከ ጎጃም ገጠር መርዶ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስቡት። ሁለቱንም ቀን መዝግቡ። ሻማ የምታበሩት ግን በቤተሰቡ ቀን ይሁን።

ማዕረግ ደግሞ በቤተሰብ አፍ ያድጋል። ሃምሳ አለቃ የነበረው በሃያ ዓመት ውስጥ መቶ አለቃ ይሆናል፣ በአርባ ዓመት ሻምበል። አልፈርድባቸውም። ቢኖር ኖሮ ይደርስበት ነበር ብለው እኮ ነው። እናንተ ግን ሲሞት የነበረውን ማዕረግ ፈልጉ፤ ከሞተ በኋላ የተሰጠው ካለ ለይታችሁ ጻፉት። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ተሳስታችኋል» አትበሉ። ዝም ብላችሁ አጣሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ቤት ለቤት ስለመሄድ።

ዓመታት አልፈዋል፣ በአንድ ወዳጄ ጥያቄ ዘጌ ሄጄ ነበር። አንዲት እናት ወንድማቸው ኮሪያ ሞቷል፣ ስሙ ግን የትም ዝርዝር ላይ የለም ይባላል። ሄድን። ቡናው ተፈላ። አቦል ላይ ስለ ዝናብ ተወራ፣ ቶና ላይ ስለ ጤና። እኔም አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አላነሱም። በረካው ሲቀዳ ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ የድሮ ፎቶ ነው። መለዮ ያደረገ ልጅ፣ ጢሙ ገና ያላደገ። ገልብጠው ሰጡኝ። ጀርባው ላይ በቀለም «ለውድ እናቴ ማስታወሻ ይሁንሽ» ይላል። ከሥሩ ስሙንና ማዕረጉን ጽፏል፤ ምክትል መቶ አለቃ። ማንበብ አይችሉም ነበርና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የአባቱን ስም ስጠራ ደንገጥ ብለው «እሱማ አያታችን ነው» አሉ።

አለቀ። ልጁ አያቱ ቤት ነው ያደገው። ሲቀጠር የአባትህ ስም ሲሉት ያሳደገውን ሰው ስም ሰጠ። ቤተሰቡ በአባቱ ስም ሲፈልገው ኖረ፤ መዝገቡ ደግሞ በአያቱ ስም ይዞት ቁጭ ብሏል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ «ሙሉ ስሙ ማነው» ብላችሁ አትለፉ። ማን አሳደገው? እናቱ ምን ብላ ትጠራው ነበር? ጓደኞቹስ? ትምህርት ቤት በምን ስም ገባ? እነዚህን ጠይቁ። ፎቶ ከሰጧችሁ ጀርባውን ሳታዩ አትመልሱ። ፎቶውን ይዛችሁ እንዳትሄዱ ደግሞ፤ እዚያው በስልክ አንሡትና በእጃቸው መልሱ። ካሜራ ደግናችሁ በር አትግቡ፣ በረካ ሳይጠጣም አትውጡ።

የክርስትና ስሙን ከነገሯችሁ ባነር ላይ አታውጡት። ካህኑ በጸሎት የሚያስበው በዚያ ስም ነው፤ ለካህኑ በወረቀት ስጡት፣ ይበቃል። ጊዮርጊስ ጸሎት ካስደረጋችሁም ሙስሊም የነበረውን ሰው ቤተሰብ በራሳቸው ሥርዓት እንዴት እንዲታሰብላቸው እንደሚፈልጉ ጠይቁ። አብረው ነው የዘመቱት።

አንዳንድ ቤት በሩ ቶሎ አይከፈትላችሁም። ምክንያት አለው። ክቡር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከከሸፈበት በኋላ የዚያ ጦር ስም ጠቆረ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ኮሚኒስት ተዋግቶ መጣ መባል የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ሜዳሊያውን የደበቀ ብዙ ነው። የሟች ቤተሰብም ወረቀቱን የቀበረ፣ ያቃጠለ አለ። ስለዚህ «ምንም የለንም» ሲሏችሁ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ሌላ ቀን ተመለሱ። በተለይ ሴቶቹን ጠይቁ። ወንዱ የጦርነቱን ታሪክ ይነግራችኋል፤ ልጁ ሲሄድ ምን እንደለበሰ የምታስታውሰው እህቱ ናት።

አንድ ነገር ግን ልሟገታችሁ። ለምን መኮንኖቹን ብቻ? ገብቶኛል፣ የመኮንን ስም በቀላሉ ይገኛል። ወጣት መቶ አለቃ ሌሊት ቅኝት ሲወጣ ጓዱን እየመራ ነውና የሚመታውም አብሮ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ግን ከኋላው የሄዱት ወታደሮች ስም የት ይግባ? ዳጋ እስጢፋኖስ ሄዳችሁ ከሆነ የነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ የነ ዐፄ ፋሲልን አጽም አሳይተዋችኋል። ነገሥታቱ ቦታ አላቸው። በዚያው ሐይቅ ገዳማት ያሉትን ብራናዎች ብትገልጡ ደግሞ መጨረሻው ገጽ ላይ የጻፈውም ያጻፈውም «በጸሎት አስቡኝ» ብሎ ስሙን አስቀምጧል። የብራና ጸሐፊ ንጉሥ አይደለም። ወግ ካላችሁ ወጋችን ይሄ ነው። መኮንኖቹን አስቀድሙ፣ አልቃወምም፤ ወታደሮቹን ግን በዚያው ባነር፣ በዚያው የፊደል መጠን ጻፏቸው። ማዕረጉ ከስሙ ፊት ይኖራል፣ ልዩነቱ ያ ይበቃል።

ንግግር የሚያደርግ ሰው እንደምትጋብዙም ሰምቻለሁ። አጭር ይሁን። ቃኘውን ለዛሬ ጭቅጭቅ የሚዋስ ሰው ማይክ ከያዘ አይለቅም። እናንተ ራሳችሁ የቅርብ ሐዘን ያለባችሁ ልጆች ናችሁ፤ የሚመጣው ሕዝብም እንዲሁ። የሰባ ዓመት ሟች ሲጠራ የራሱን ሟች የሚያስታውስ ይኖራል፣ ያልቅስ። ተናጋሪው ግን የማን ሟች ይበልጣል ውስጥ እንዳይገባ ከወዲሁ ንገሩት። ኮሪያዎቹ ቹንቾን ላይ ለእኛ ዘማቾች ሐውልት አቁመዋል፤ በ1960 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በተገኙበት ነው የተመረቀው። አዲስ አበባም አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። እናንተ ሐውልት አታቆሙም፣ አቅማችሁም አይደለም፣ አያስፈልግምም። በትክክል የተጻፈ ስም ያለበት አንድ ሸራ ጣና ዳር ዘንባባ ላይ ቢሰቀል ለእኔ በቂ ነው።

የማትሙበትን ቀን አትቸኩሉ። ማተሚያ ቤት የሰጣችሁትን ነው የሚያትመው፤ «ኃ»ን በ«ሀ» ቢለውጥባችሁም አይጠይቃችሁም። ናሙናውን ከማጽደቃችሁ በፊት ከየቤተሰቡ አንድ ሰው የራሱን ሟች ስም አንብቦ ይፈርምበት። ያላጣራችሁት ስም ካለ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ለቀጣዩ ዓመት አቆዩት። ዝርዝሩን ለእኔም ማሳየት ከፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። በወረቀት አምጡት ግን፤ ስልክ ላይ ያለውን ዓይኔ አያየውም።