ጎቶች ግሣቸውን የት ያስቀምጡ ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው። ግሡን ሁለተኛ ቦታ ላይ ካላስቀመጥኩ አስተማሪዬ ፊቱ ይለዋወጣል። ጎቲክ የሚባል የጀርመንኛ የጥንት ዘመድ አለ ሲሉ ሰማሁ። እዚያስ ግሡ የት ነበር? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ፣ ጥያቄሽ ምሁራኑንም ያደከመ ነው። ከጎቲክ፣ ማለት ከጥንቶቹ ጎቶች ቋንቋ፣ የተረፈልን ጽሑፍ አብዛኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው። ውልፊላ የተባለ ጳጳስ በ4ኛው መቶ ዘመን ከግሪክኛ መለሰው። ዝነኛው ቅጂ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ነው፤ ዛሬ ስዊድን፣ ኡፕሳላ ይገኛል።

ጣጣው ትርጉሙ የግሪኩን የቃላት ሰልፍ አለመልቀቁ ነው። ልጅ ሳለሁ እዚህ ደሴ ከቤታችን ጀርባ አንድ ሸህ ደረሶቻቸውን ኪታብ ያስቀሩ ነበር። «ጃአ» ብለው «መጣ»፣ «ዘይዱን» ብለው «ዘይድ» ይላሉ። «መጣ ዘይድ»! ቃሉ አማርኛ፣ ሰልፉ ዐረብኛ። ያንን ብቻ የሰማ እንግዳ «አማርኛ ግሥ ያስቀድማል» ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ግሪኩ በአንድ ቃል ያለውን ጎቲኩ በሁለት ቃል ለማለት የተገደደበትን ቦታ ማደን ነው። እዚያ የሚኮረጅ ሰልፍ የለማ! ዮሐንስ 11፥2ን ውሰጂ። አልዓዛር መታመሙን ለመናገር ግሪኩ አንዲት ግሥ ትበቃዋለች። ጎቲኩ «ሲውክስ ዋስ» ይላል። «ሲውክስ» በሽተኛ፣ «ዋስ» ነበር። ልክ እንደኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ቁጭ አለ።

ግን ቸኩለሽ «የኛው ነው» እንዳትዪ። ማቴዎስ 8፥3 ላይ ለምጻሙ «ንጻ» ሲባል ግሪኩ አሁንም አንድ ቃል ነው። ጎቲኩ ግን «ዌርስ ህራይንስ» ይላል፤ «ሁን ንጹሕ» እንደማለት። ትእዛዝ ሲሆን ግሡ ፊት ወጣ።

እኔን በተለይ ደስ የሚለኝ ጥያቄያቸው ነው። የመጀመሪያው ቃል ጭራ ላይ «ኡ» ይቀጥላሉ፣ እኛ «ነውን» እንደምንለው። ማርቆስ 12፥14 ላይ ለቄሣር ግብር መስጠት ተፈቅዷል ወይ ሲባል «ስኩልዱ ኢስት» ነው። «ስኩልድ» የተፈቀደ፣ «ኡ» መጠየቂያው፣ «ኢስት» ነው። ግሪኩ እዚህም አንድ ቃል ብቻ ነው። ግሡ እንደገና ኋላ ቀረ።

የአስተማሪሽ የሁለተኛ ቦታ ሕግ በጎቲክ ያን ያህል ጠብቆ አይታይም። ይህን ብለሽ ፈተና ላይ እንዳትከራከሪ ብቻ፤ ማርኩን የሚሰጠው እሱ ነው።