እድር ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ተዛውረህ ሽምብጥ ሰፈር ቤት ተከራይተሃል። የሰፈሩ እድር ደግሞ «እሁድ ኮሚቴው ፊት ቅረብ» ብሎሃል። ምን ይጠይቁኛል፣ ምን ይዤ ልሂድ ነው ያልከው። እኔ የምኖረው አባይ ማዶ ነው። እድራችን ውስጥ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ 4ቱን በፀሐፊነት። ተጠይቄም ጠይቄም አውቃለሁ ማለት ነው። የእናንተ ሰፈር ደንብ እዚህም እዚያም ይለይ ይሆናል፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

እንደ ሥራ ፈተና አትየው። «ለምን መግባት ፈለግህ?» የሚልህ የለም። ያውቁታላ!

እኔ የቀረብኩ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ጭቃው ለጉድ ነው። ኮሚቴው የእድሩ ዕቃ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት በር ላይ፣ አግዳሚ ዘርግቶ ተቀምጧል። ዳኛው ጫማዬን ቁልቁል አዩና «ልጄ፣ በዚህ ጫማ መቃብር ትቆፍራለህ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ለካ የምራቸውን ነው። ተረኛ ስሆን ምን እንደሚጠብቀኝ ቆጠሩልኝ። ድንኳን መትከል፣ አግዳሚና ድስት ማመላለስ፣ መቃብር መቆፈር፣ ማታ ከሐዘንተኛው ጋር ማምሸት።

ከዚያ ፀሐፊው መዝገቡን ገለጠ። «የባለቤትህ እናት በሕይወት አሉ?» አለኝ። «ሙሉ ስማቸው?» ዝም። 6 ዓመት ሙሉ «እማምዬ» ስላቸው ኖሬ የመዝገብ ስማቸውን አላውቀውም። ቁጭ ባልኩበት ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ላውድ ላይ ነበርና ሳቋን ኮሚቴው በሙሉ ሰማው።

ይህን የምነግርህ ለቀልድ ብዬ አይደለም። የቃለ መጠይቁ ዋና ነገር ይህ የቤተሰብ ዝርዝር ነው። በፀሐፊነቴ ዘመን ያየሁት ጭቅጭቅ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ነው የሚነሳው። እድሩ የሚከፍለው ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። የሚከፈለውም እንደ ዝምድናው ይለያያል። አባል ወይም የትዳር ጓደኛ ሲሞት ሌላ፣ ልጅ ሲሆን ሌላ፣ ወላጅና የባለቤት ወላጅ ሲሆን ሌላ። ወንድምና እህትን የሚይዝም የማይዝም እድር አለ፣ ስለዚህ ጠይቅ። ያንተንም የባለቤትህንም ወላጆች ስም እስከ አያት ጽፈህ ሂድ። ያሳደገችህ አክስት ካለች እዚያው ተናገር። የኛ እድር በእናት ቦታ ይመዘግባል፣ ግን ሲመዘገቡ ነው እንጂ ለቅሶው ከመጣ በኋላ አይደለም።

የታመመ ሰው ካለህም አትደብቅ። አንዱ የኛ አዲስ ገቢ አባቱ አልጋ ላይ እንደዋሉ ሳይናገር ተመዘገበ። በኛ ደንብ አዲስ አባል 6 ወር ሳይሞላው ክፍያ አያገኝም። አባትየው በ3ኛው ሳምንት አረፉ። ገንዘቡ አልተከፈለውም። ድንኳኑ ግን ሌሊቱን ተተከለ። ማን እንደፈቀደ እስካሁን አይታወቅም፣ የተቃወመም የለም። እኔም ቃለ ጉባኤ ላይ አልጻፍኩትም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አትጨነቅ። የወር መዋጮው ቀላል ነው። የሚያስደነግጠው መግቢያው ነው። «ወሩ 50 ብር ሆኖ መግቢያው እንዴት በሺህ ይሆናል?» ብለህ እንዳትከራከር። አሮጌዎቹ አባላት ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሳህኑን፣ ባንክ ያለውንም ገንዘብ ለዓመታት አዋጥተው ነው ያፈሩት። አንተ የምትከፍለው ድርሻህን ነው። በአንድ ጊዜ ካልቻልክ በየወሩ ልክፈል በል። እኔ በ4 ወር ነው የጨረስኩት፣ ማንም ክፉ አልተናገረኝም።

ተከራይ መሆንህ ግን ይነሳል። ተከራይ ነገ ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ ይችላል የሚል ስጋት አለ፣ እውነትም አላቸው። መፍትሔው ዋስ ነው። ከነባር አባላት አንዱ «አውቀዋለሁ» ብሎ ይፈርምልሃል። አከራይህ አባል ከሆኑ ከእሁድ በፊት ሄደህ ቡና ጠጥተህ ለምናቸው። ዋሱን ይዞ የመጣ ሰው ጉዳይ 10 ደቂቃም አይፈጅም።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለ መገኘት ሲጠየቅ ነው። የመስክ ሥራ አለብኝ ብለሃል። እውነቱን ንገራቸው። «ሁሌም እገኛለሁ» ካልክ በ3ኛው ቀሪህ ቅጣት ይከመርብሃል፣ ስምህም አብሮ ይነሳል። «ወሩን ግማሽ ከተማ የለሁም፣ ስኖር ግን አልቀርም፣ ሳልኖር ባለቤቴ አለች» በላቸው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው የ2 ዓመት መዋጮ በቅድሚያ ልክፈልና ከቀብር ነፃ አድርጉኝ ብሎ መጣ። ገንዘቡ ለእድሩ ደህና ገንዘብ ነበር። ዳኛው ግን «ሁላችንም ገንዘብ ከላክን ሬሳውን ማን ይሸከመዋል?» ብለው መለሱለት። ሳይመዘገብ ሄደ።

ወላጆችህ አገር ቤት ስለሆኑ ይህንንም ጠይቅ። ለቅሶው ከከተማ ውጭ ሲሆን እድሩ ምን ያደርጋል? የኛ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ተወካይ ይልካል፣ ድንኳን ግን አያንቀሳቅስም። አንድ ጊዜ ለዘጌ ለቅሶ 5 ሆነን በጀልባ ሄድን። ገንዘቡን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ማዕበሉ ሲረጨን በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ሥር እንደወተፍኩት ደረስን። ፌስታሉን ስፈታ ሐዘንተኛው እንኳ በዚያ መሀል ፈገግ አለ።

ባለቤትህንም ይዘሃት ሂድ። አንተ ስትቀር ቀብር የምትቆመው እሷ ናት። በብዙ ሰፈር የሴቶች እድር ለብቻው ስላለ የሱንም ምዝገባ እግረ መንገዷን ትጠይቃለች።

የምትይዘው ወረቀት ጥቂት ነው። መታወቂያ፣ 2 ጉርድ ፎቶ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ልጅ ካለህ የልደት ሰርተፍኬት። የመተዳደሪያ ደንቡን ቅጂ ስጡኝ በል፣ የቅጣቱን ክፍል እዚያው ቁጭ ብለህ አንብበው። ስልክህንም አስመዝግብ። የናንተ ሰፈር ጥሩንባ ይነፋል ወይስ በቴሌግራም ነው የሚነገረው፣ ጠይቃቸው። የኛ ሁለቱንም ያደርጋል፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቀሰቅሰኝ ጥሩንባው ነው።

ጊዜው ከቅዳሴ መልስ ነው ካሉህ 3 ሰዓት አካባቢ ድረስ። ቀደም ካልክ አግዳሚውን አብረህ አውጣ። ክራቫቱን ቤት ተወው።